ይብሉ እንጂ

ባለቤቴ መብላት ስታቆም መጀመሪያ ያሳበብነው በጾም ነበር። የፍልሰታ ሰሞን ስለነበር «ትጹም፣ ምን አለበት» አልኩ። ጾሙ ተፈታ፤ እሷ ግን አልፈታችም። ሳህኑን በእጇ ጀርባ ገፋ ታደርገውና በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። በመስኮቱ የሚታየው እዚህ አሜሪካ፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ያለው አፓርታማችን የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ቁጡ ነኝ፤ ሰው ሳህን ሲገፋብኝ ደሜ ይፈላል። «ለማን ነው የሠራሁት? ለግድግዳው ነው?» እያልኩ እጮሃለሁ። ግድግዳውም እሷም አይመልሱልኝም።

ሁለታችንም የመድረክ ሰዎች ነን። ነበርን ልበል እንጂ። አዲስ አበባ ውስጥ ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው ጀምረን፣ ያወረዷቸው ወታደሮችም በተራቸው እስኪወርዱ ድረስ በአንድ ቴአትር ቤት ሠርተናል። እሷ ከእኔ የተሻለች ተዋናይት ነበረች፤ እኔ ደግሞ ድምፅ ነበረኝ። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ የምነግራችሁ ጉድ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ድምፅ ስለሆነ ነው።

አሁን ባለቤቴን መርሳት ይዟታል። ሐኪሞቹ ረጅም ስም ይሰጡታል፤ እኛ መርሳት እንለዋለን። ቃሉ ግን አይገልጸውም። የረሳችው አሜሪካን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የኖርንበትን ዘመን፣ ወደ አሌክሳንድሪያ የተዛወርንበትን፣ ልጃችን ጋውን ለብሳ የተመረቀችበትን ቀን፣ ሁሉንም ጠራርጋ ጥላዋለች። የቀራት የወጣትነት ዘመኗ ነው፤ ከእሱም ክፉ ክፉው።

በየቀጠሮው ሚዛን ላይ ያቆሟታል። ባለፈው ዶክተሯ ቁጥሩን አየችና ፊቷ ቅጭም አለ። በሚቀጥለው ስትመጡ ከዚህ ወርዳ ከተገኘች እቤት ልትቆይ አትችልም አለችን። ልጃችን ሎረል የምትባል ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ያን ዕለት ማታውኑ ኮል አደረገችልኝ።

«ባባ፣ ፌርፋክስ ያለውን ነርሲንግ ሆም ቱር አደረግኩት። ሪሊ ክሊን ነው። ነርስ ሁልጊዜ አለ።»

«አማርኛ የሚችል አለ?»

«ባባ፣ ሺ ዳዝንት ኢቭን ቶክ ኤኒሞር።»

«ትናገራለች። አንቺ ነሽ የማትሰሚው።»

ልጄን ማስቀየም አልፈለግኩም፤ ነገር ግን እናቷ በእርግጥ ትናገር ነበር። ሳህኑን በገፋች ቁጥር ከንፈሯን ሳታላቅቅ አንዲት ነገር ትላለች። እዚያ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ንጹሕ ክፍል ውስጥ ብትገባ ያችን ነገር የሚሰማላት አንድም ሰው አይኖርም። ማንም ሳይገባው እያለችው ትሞታለች። ይህን ሳስብ እንደ ሕፃን ፈራሁ።

የምትለው «ልጆቹ ሳይመለሱ?» ነው። መጀመሪያ ግራ ገባኝ። እኛ ያለችን አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ብትመለስ የምትመለሰው ከሥራ ነው። ቆይቶ ነው የበራልኝ። ባለቤቴ በአብዮቱ ዘመን ታስራ ነበር። እስር ቤቱ ከአንድ ሀብታም የተወረሰ ቪላ ነበር፤ ቪላው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሆነ፣ ከጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ደግሞ የሴቶች ማጎሪያ። ቤተሰብ ስንቅ ያቀብላል። ሴቶቹ የመጣውን ሁሉ አንድ ላይ አድርገው በጋራ ይበሉ ነበር። አንዲት ደንብ ነበረቻቸው፤ አንዷ ለምርመራ ከተጠራች፣ እሷ ሳትመለስ ማንም እጁን ወደ ምግቡ አይሰድም። አንድ ቀን «ልጆቹ» የሚሏቸው ትናንሾቹ ሁለቱ ተጠሩ። የቀሩት ጠበቁ። ምግቡ እስኪሻግት ጠበቁ።

ይህን የነገረችኝ ከተፈታች ብዙ ዓመት ቆይታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳለን፣ ዕቃ እያጠበች ነው። ነገረችኝና ቧንቧውን ዘጋች። እኔም ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ምን ላድርግ? «ተመልሰዋል፣ ብዪ» አልኳት። «የታሉ?» አለችና ክፍሉን በዓይኗ ፈተሸች። እኔም ምን ይዋጠኝ፣ የምችለው ሙያ አንድ ነው። ነጠላዋን ተከናንቤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፤ በሩን አንኳኩቼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ እንደ ልጃገረድ እየተሽኮረመምኩ ገባሁ። የልብስ ቅርጫት ይዛ የምታልፍ ጎረቤታችን አይታኝ እንዳላየች ሆና ሄደች። ባለቤቴ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየችኝ። ከብዙ ወራት በኋላ ዓይኗ ውስጥ ሰው መጣ።

«እግርህን አትጎትት» አለችኝ። «ሴት ልጅ እንዲህ አትራመድም። እንደገና ግባ።»

እንደገና ገባሁ። አሁንም አልወደደችውም። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። ቴአትሩን አውቃዋለች፣ ባሏን አላወቀችውም። ሳህኑንም እንደገና ገፋችው።

ያን ቀን አንድ የሞተ ወዳጄ ትዝ አለኝ። ታክሲ በምነዳበት ጊዜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ኩላሊት እጥበት የማመላልሳቸው ሽማግሌ ነበሩ። አይሁዳዊ ናቸው፤ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በዪዲሽ መድረክ ላይ ነው። ዪዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የእናት ቋንቋ ነው። ወላጆቻቸው ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚጫወቱ ተዋንያን ነበሩ፤ እሳቸውም መራመድን የተማሩት መድረክ ላይ ነው። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። እሳቸው ወደ ሩሲያ ሸሽተው ተረፉ። ሲመለሱ አገራቸው አብዮት ላይ ደርሷል፤ አዲሱ መንግሥት የዪዲሽ ቴአትር ቤት ከፍቶ ቀጠራቸው።

«ጦርነቱ ተመልካቼን ወሰደው፤ አብዮቱ ደግሞ ቴአትር ሰጠኝ» ይሉኝ ነበር በእንግሊዝኛቸው። «አዳራሽ አለ፣ መብራት አለ፣ ደመወዝ አለ። የሚቀመጥ ሰው የለም።»

መንገድ ሲዘጋጋ በመኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ሆነው የድሮ ቃለ ተውኔታቸውን በቃላቸው ይወጡት ነበር። አንዲት ቃል አይገባኝም፤ ግን የት ላይ መሳቅ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። እኔም በተራዬ በአማርኛ እወጣላቸዋለሁ። እሳቸውም ቦታውን አይስቱትም። ሁለት ያበዱ ሰዎች ነበር የምንመስለው፤ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን በአብዮቱ ዘመን ምን ይጫወቱ እንደነበር ጠየቅኳቸው። የፓርቲውን ሰው አሉኝ፤ ጀግናው ሁልጊዜ የፓርቲው ሰው ነው። እኔም ያው ነኝ፣ ካድሬ ነበርኩ በመድረክ ላይ አልኳቸው። ሳል እስኪይዛቸው ሳቅን። ከዚያ እንዴት እንደተጫወትኩት ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቆመ። «እኔ ጮኼ ነው የተጫወትኩት» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ጮኼ ነው የተጫወትኩት።»

ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ቆሜ ነበር። ከመጣው ሰው መካከል በመድረክ ያያቸው አንድም አልነበረም። እኔም ያየኋቸው በመኪናዬ መስታወት ነው።

የእኔ ካድሬ አይጮህም ነበር። በዚያን ጊዜ ካድሬ የሚጫወት ሁሉ ጡጫውን ጨብጦ ጣራ የሚነቅል ነበር፤ ይሄ ሰለቸኝ። የሚጮህ ሰው አያስፈራም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ስጮህ ማን ፈርቶኝ ያውቃል? ስለዚህ ካድሬዬን ዝግ ያለ፣ ጨዋ ሰው አደረግኩት። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። የሚመረምረውን ሰው፣ ሊስትሮም ይሁን ተማሪ፣ አንተ አይለውም፤ «እርስዎ» ነው የሚለው። «ይቀመጡ እንጂ። ይጠጡ እንጂ። ይናገሩ እንጂ።» ይቺን ስል አዳራሹ ትንፋሹን ይውጥ ነበር። የእኛው አገር ጦርነት ሲበረታ ቡድናችንን ወደ ግንባር ወሰዱንና ለወታደሮች ተጫወትነው። ጥይት ሣጥን ላይ የተቀመጡት ወታደሮች፣ ሞት ለምደው ያደሩት፣ እነሱም ጸጥ አሉ።

ቴአትሩን ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ግን እውነተኞቹ ካድሬዎች ናቸው። ደጋግመው መጡ። ብዙም ሳይቆይ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ የቀበሌያችን ካድሬ አንዱን ምስኪን ዘበኛ «ይነሡ እንጂ» ሲለው ሰማሁ። በእኔ ዜማ፣ በእኔ ዕረፍት፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴን ወሰዷት። ስትፈታ ክረምቱ ወጥቶ ነበር። እቤት ገብታ፣ እግሯን ታጥባ፣ ከተቀመጠች በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር «ባንተ አነጋገር ነው የሚጠይቀን» የሚል ነበር። ሌላ አላለችም። በነጋታው ለቴአትር ቤቱ ጉሮሮዬ ተበላሽቷል ብዬ ያን ገጸ ባሕርይ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሽማግሌ እንግዳ ካልመጣ በቀር «እርስዎ» የሚል ቃል ተሰምቶ አያውቅም።

ልጃችን ይህን አታውቅም። እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ እናቷን እንደማንኛውም የአዲስ አበባ ልጅ «አንቺ» እያለች አደገች። ታዲያ ቅዳሜ ዕለት እየተቻኮለች መጣች። ስለ በሽታው ስታነብ ሰነበተች አሉ፤ እንደዚህ ያሉ ሰዎች ክብር ሲነካባቸው ምግብ ይተዋሉ የሚል አግኝታለች። በልጅነቷ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የአማርኛ ክፍል ውስጥ ትልቅ ሰው አንቱ እንደሚባል አስተምረዋታል። ሁለቱን አገናኘቻቸው። እናቷ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አጥሚቱን በማንኪያ ቀዳች፤ ቀስ ብላ፣ ለስለስ ብላ፣ «እማዬ፣ ይብሉ እንጂ» አለቻት።

የባለቤቴ ትከሻ ወደቀ። ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። አፏን ከፈተች።

«እሺ ጓድ» አለች፣ ከዋጠች በኋላ።

«ባባ! ዲድ ዩ ሲ ዛት? በላች! ኦ ማይ ጋድ፣ በላች!» ልጄ እየሳቀች ታለቅሳለች። «ጓድ አለችኝ። ጓድ ማለት ጓደኛ ነው አይደል?»

«አዎ» አልኳት። «ጓደኛ ማለት ነው።»

«ሪስፔክት ነበር የፈለገችው። ኦል ዚስ ታይም!»

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ማዶ ልጄ «ይብሉ እንጂ፣ ይብሉ እንጂ» ትላለች፤ ደስታዋ በበሩ ያልፋል። ወጥቼ ምን ልበላት? እናትሽ የምትበላው ስለፈራችሽ ነው ልበላት?

ልጄ ወደ ሎረል ተመለሰች፤ ሥራ አላት፣ ቤት አላት። እኔና ሳህኑ ቀረን። ሰኞ ዕለት እንደ ልጄ ለስለስ ብዬ «ይብሉ» አልኳት፣ በራሴ ድምፅ። ቀና ብላ አየችኝና ፊቷን አዞረች። በነጋታው ሞከርኩ፣ እንቢ። ልጄን በስልክ አገናኘኋት፤ በስልክ የመጣው ድምፅ ምንም አልመሰላትም። ቀጠሮው እየቀረበ ነው። ክንዷን ስይዛት አጥንቷ ጣቴ ላይ ይቆጠራል። እግዚአብሔርን ሳይቀር ተቆጣሁት፤ እዚህ አልጽፈውም እንጂ ያላልኩት የለም።

ከዚያ ተነሣሁ። ሹራቤን አስተካከልኩ። እጆቼን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ተበላሽቷል ብዬ የማልኩበትን ጉሮሮ ጠራረግኩት። ድምፁ የሚወጣ አልመሰለኝም ነበር፤ ወጣ። አንድም ቀን እንዳልተለየኝ ሆኖ ወጣ።

«ይብሉ እንጂ» አልኩ። «ሰፊው ሕዝብ ነው ያቀረበልዎት።»

በላች። ሁሉንም በላች። ማንኪያው ጥርሷን ሲመታው ይሰማኝ ነበር። ልጆቹ ተመልሰው እንደሆነ አልጠየቀችም፤ እንዲህ ያለ ሰው አይጠየቅማ።

ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዶክተሯ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ የምታደርገውን ሁሉ ቀጥልበት አለችኝ። ፌርፋክስ ቀረ። ልጄ ለጓደኞቿ በሙሉ፣ ወላጆቻቸው የታመሙባቸውን ሁሉ እየፈለገች፣ አንቱ በሏቸው ትላለች አሉ። እኔም ቀጠልኩበት። ባለቤቴ በሕይወት ያለችው በየቀኑ እንደ አዲስ ስለምትታሰር ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማን እነግረዋለሁ? አሁን ነገርኳችሁ።

ከምግብ ሰዓት ውጭ ወደ ራሴ ድምፅ እመለሳለሁ። ግን ረፈደብኝ። በፊት አልፎ አልፎ፣ ማን እንደሆንኩ ባታውቅም፣ እጇን ጉንጬ ላይ ታሳርፍ ነበር። አሁን ስጠጋት ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ጎትታ ብድግ ትላለች። «ተቀመጪ፣ እኔ ነኝ» ስላት ይብስባታል። ስለዚህ ሩቅ ሆኜ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ትዳር ነው፤ ከወንበር ወደ ወንበር እንተያያለን። አንዳንዴ ይብቃት፣ ልተዋት፣ ትራብና ትረፍ እላለሁ። ከዚያ ምሳ ሰዓት ይደርሳል፤ እጄ ራሱ ሄዶ አጥሚቱን ያማስላል።

ባለፈው ሐሙስ ቀትር ላይ ግማሹን እንደ በላች ቆመች። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አጋደመችው። ካድሬው ከመጣባት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ።

«ጓድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ይጠይቁ።»

«ባለቤቴ በሩ ላይ ነው ያለው። ስንቅ ይዞ። ቁጡ ነው፤ ሳይጮህባችሁ አይቀርም።» ምራቋን ዋጠች። «ክፋት የለውም። አፉ ነው እንጂ። እባክዎን እንዳይመቱት። ደህና ናት፣ በልታለች ብለው ይንገሩት።»

በእርግጥም በሩ ላይ ነበርኩ። የታሰረችበትን ጊዜ በሙሉ የቪላው በር ላይ ቆሜ ከዘበኞቹ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የከረምኩት። የሚመለስልኝ ባዶ ሳህን ብቻ ነበር፤ መኖሯን የማውቀው በእሱ ነው። ከውስጥ ሆና ጩኸቴን ትሰማ እንደነበር አላወቅኩም። እኔ ነኝ፣ በሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ገብቻለሁ ልላት ከንፈሬ ድረስ መጣ። በራሴ ድምፅ አንዲት ቃል ብተነፍስ ግን አፏን ትዘጋለች። ሳህኑ ገና እኩሌታው ነው።

«እነግረዋለሁ» አልኩ፣ እጆቼን ወደ ኋላ እንዳጣመርኩ፣ ዝግ ብዬ። «አሁን ይጨርሱት።»

«እሺ ጓድ» አለችና ማንኪያውን አነሣች።